ክምሩን ማን ይጠብቅ

በእንጅባራ አዳራሾች ውስጥ በድምሩ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥሁ ብጠየቅ መልስ የለኝም፤ ወንበሮቹን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የፕላስቲኮቹ ወገብ ያሳምማሉ፣ የብረቶቹ ደግሞ ቀሚስ ይቀዳሉ። ሁልጊዜ በግራ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር የምቀመጠው፤ ከመድረኩ እንድታይ። ተቃዋሚ ነኝ። አሁን አሁን «ተፎካካሪ» ይሉናል፤ ለእኔ ግን የድሮው ስም ይስማማኛል። ፉክክር የሚያሰኝ ነገር መቼ ኖረንና! ፓርቲያችን ዳንግላ ውስጥ ያለው ሀብት ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ የተከራያት አንዲት ክፍል፣ ስድስት ወንበርና አንድ ማኅተም ነው። ማኅተሙን የምይዘው እኔ ነኝ።

ፖለቲካ ውስጥ የገባሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፤ በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል የሀገሩን ሕመምተኛ ሁሉ አይቻለሁ። ሥራዬን ስለቅ ልጆቼ እናታችን አርፋ ትቀመጣለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ባለቤቴ ግን ያውቀኛል፤ «እሷ ወጣች እንጂ ምላሷ ጡረታ አልወጣም» እያለ ለጎረቤት ያወራ ነበር። እውነቱን ነው። ቁጡ ነኝ፤ ቶሎ ይነደኛል፤ ሲነደኝም የሚሰማኝ ሰው እፈልጋለሁ።

በየጊዜው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ሪፖርት ሲያቀርቡ እኛም «ባለድርሻ አካላት» ተብለን በደብዳቤ እንጠራለን። ለፓርቲያችን ሁለት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለምክትሌ። ምክትሌ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ስብሰባ ከሚጀመርበት አንስቶ እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ በጥሩ ሁኔታ ይተኛሉ። እኔ ግን ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ሪፖርቱ ሲያልቅ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያይና «ሦስት ሦስት ዕድል እሰጣለሁ» ይላል። አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ፣ አንድ ከሴቶች። ሦስቱ ጠይቀው ይቀመጣሉ፤ ሌላ ሦስት ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ሌላ ሦስት። ጥያቄው ሁሉ እየተጻፈ ይጠራቀምና መጨረሻ ላይ «በጥቅሉ» ይመለሳል። ይህን በጥቅሉ የሚባል ነገር የፈጠረው ሰው ሳይሾም የቀረ አይመስለኝም። ቀላል ቀላሎቹ ይመለሳሉ፤ የሚመሳሰሉት ይጠቀለላሉ፤ ከባዶቹ ደግሞ ምሳ ሲደርስ ይጠፋሉ። የእኔ ጥያቄ ሁልጊዜ ከሚጠፉት ጋር ነበር።

ይህ የማወራው በአንድ ጥር ወር የተጀመረ ነገር ነው። ጠዋት ከቤቴ እስከ መናኸሪያው በጋሪ ሄድሁና በእንጅባራ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አዲስ ቅዳም ላይ አንዲት ሴት ገባች። ዕድሜዋ ከትልቋ ልጄ አይበልጥም። ልብሷ፣ ፀጉሯ፣ መዳፏ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል፤ ግራ እግሯ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሏል። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ከፈተ። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን አንስቼ አጠገቤ አስቀመጥኋት፤ ሰውዬውን ለማናደድም ጭምር ነው። የጭሱ ሽታ ምንም አይደል። ከጭሱ ስር ያለውን ሽታ ግን አወቅሁት። ያ ቁስል መመርቀዝ የጀመረ እግር ነው።

ጠየቅኋት። ከሰል በማክሰል የምትተዳደር የቀን ሠራተኛ ናት። በእኛ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ይተክላል፤ ሲደርስ እዚያው ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ይከስላል። መክሰሉን ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት እንደሷ ከቆላው የመጡ መሬት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። በክምሩ ላይ አፈር ስታለብስ የአፈሩ ቅርፊት ከድቷት እግሯ እሳቱ ውስጥ ገባ። ያን ዕለት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። የጤና መድን ካርድ አላት ወይ ተባለች፤ የላትም። ካርድ የሌለው ሰው የሚከፍለውን ሲነግሯት አመስግና ወጣች። አመስግኜ ወጣሁ ነው ያለችኝ፤ ይህን ስሰማ ጥርሴን ነከስሁ።

ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነበር። ሚኒባሱ ገና ብዙ ሳይሄድ «ወራጅ አለ» አለች። ከመውረዷ በፊት ወደ ስብሰባ እንደምሄድና ጥያቄዋን ዛሬውኑ እንደማቀርብላት ነገርኋት። ትንሽም እንደ መኩራራት አድርጎኝ ነበር። ከተራራው ጀርባ የሚወጡትን ጭሶች በእጇ አሳየችኝና እዚያ እንደምትገኝ ነግራኝ፣ «ይቅናዎት እትዬ» ብላ እያነከሰች ሄደች።

አልቀናኝም። ዕድል ሲሰጠኝ ጠየቅሁ ከማለት ጮኽሁ ማለት ይሻላል። ድሃን ከነድህነቱ ለማሳከም የወጣ መድን ድሃውን ለምን ውጭ እንደሚተወው፣ በጭስና በእሳት ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ካርድ ሳይኖረው ማን ካርድ እንደሚኖረው ጠየቅሁ። መልሱን የሰጠው የጤናው ኃላፊ ነበር፤ ለስላሳ፣ ክራባቱን በደንብ ያሰረ፣ ንግግሩን በ«አመሰግናለሁ» የሚጀምር ጎልማሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያም የበለጠ ያናድደኝ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለ። «መክፈል የሚችለው ከፍሎ ይመዘገባል። የማይችለው በቀበሌው የድሃ ድሃ ተብሎ ይመረጥና መንግሥት ይከፍልለታል። የከሰል ሠራተኞቹን ለዚህ ሦስት ጊዜ ጠርተናቸዋል፤ በድምፅ ማጉያ ሳይቀር። አልመጡም። የግንዛቤ ችግር ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ጭብጨባ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያሳፈረኝ ሳቁ አይደለም፤ ሰውየውን ማመኔ ነው። ሦስት ጊዜ ከተጠሩ ለምን አልመጡም? ፊቴ በርበሬ መስሎ ተቀመጥሁና እስከ ምሳ ድረስ የተናደድሁት በዚያች ሴት ላይ ነበር። እኔን እንዲህ ለሕዝብ መሳቂያ አድርጋ ከክምሯ ስር ተጎልታለች ብዬ አሰብሁ። አሁን ስጽፈው እጄ ያፍራል፤ ግን እንደዚያ ነበር ያሰብሁት።

ከሦስት ቀን በኋላ ልቆጣት ሄድሁ። ልጠይቃት አይደለም፤ ልቆጣት። ከመንገዱ ወርጄ በእግሬ ተራራውን ዞርሁ። ከተራራው ጀርባ ያለው ማሳ ሁሉ ክምር ክምር ነው። ክምሮቹ እስከ ሰው ደረት የሚደርሱ፣ ወደ ጎን የረዘሙ፣ በሣርና በአፈር የተሸፈኑ ናቸው፤ ከግርጌያቸው በትናንሽ ቀዳዳዎች ጭስ ይወጣል። በእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ሰው አለ። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል፣ አንዷ ድንች ትጠብሳለች። እኔ ያየሁት ሥራ የፈታ ሰው ነበር።

ከሴትየዋ ቀድመው ያገኙኝ የማሳው ባለቤት ናቸው። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በስብሰባ ላይ አይቻቸው አውቃለሁ። ሞዴል አርሶ አደር ተብለው ሁልጊዜ ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ የገዥው ፓርቲ አባልም ናቸው። እሳቸውም አወቁኝ። «ያች ተቃዋሚዋ አንቺ ነሽ አይደል?» አሉኝ። እኔም ሌላ ሰላምታ አልጠበቅሁም። እግሯ እየበሰበሰ ስለምን እንደሚያሠሯት ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አደረግኋት?» አሉ ተረጋግተው። «ሥራ ሰጠኋት። ክምሩን ጥላ ከሄደች ግን እንዳትመለስ ብያታለሁ። ለሁሉም እንደዚሁ ነው የምንል፤ የእኔ ብቻ ደንብ አይደለም።»

ያኔ ነደደኝ። ሴትየዋ በክምሩ ማዶ ጀሪካን ይዛ ቆማ ታየኛለች። በዙሪያው መሄድ ረዘመብኝ፤ ለኔ የአፈር ቁልል ነው፤ እግሬን አንስቼ በክምሩ ጫፍ ላይ ወጣሁ። ሁለት እርምጃ አልሄድሁም፤ እግሬ ስር ያለው አፈር ሰረገ፤ ከጫማዬ ስር ትኩስ ጭስ ተፋ። ሽማግሌው በአዊኛ ጮኹ። እኔ ደንግጬ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ በቂጤ ወደቅሁ።

ሴትየዋ ጀሪካኑን ጥላ ሮጠች፤ በዚያ በተጠቀለለ እግሯ በሚፋጀው አፈር ላይ ሮጠች። ወደ እኔ ግን አልነበረም፤ ወደ ቀዳዳው ነው። በጉልበቷ ተንበርክካ አፈር በሁለት እጇ እየዛቀች ደፈነችው፤ በመዳፏ ጠፈጠፈችው፤ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። እኔን ያስታወሰችኝ ጭሱ ሙሉ በሙሉ ካቆመ በኋላ ነው። «ተቃጠሉ እንዴ እትዬ?» አለችኝ። ነጠላዋ ከእግሯ ተፈትቶ ነበር። ቁስሉን ያን ጊዜ አየሁት፤ ሽማግሌውም አዩት።

ቁጭ ብለን ነገረችኝ። ክምር አንዴ ከተለኮሰ እስኪከስል ድረስ ቀንም ሌትም ጠባቂ ይፈልጋል። ቅርፊቱ በአንድ ቦታ ከተሰነጠቀና አየር ከገባበት እንጨቱ በሙሉ አመድ ይሆናል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይለኮሳል። እንግዲህ ቀበሌው መጀመሪያ ሲጠራ ክምሯን ከለኮሰች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሁለተኛ ሲጠራም ክምሩ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛውን ከነጭራሹ አልሰማችም፤ ድምፅ ማጉያው ከተራራው ወዲያ ነው። የድሃ ድሃ የሚመረጠው ደግሞ በስብሰባ ላይ ነው፤ ያልተገኘን ሰው ማን ይመርጠዋል? ጤና ጣቢያ የሄደች ዕለት ጎረቤቷ ሁለቱንም ክምር ልጠብቅልሽ ብሏት ነበር። አንዷን ሲያይ ሌላዋ ተከፍታ የእሱ ክምር ነደደ። ከዚያ ወዲህ ጠብቅልኝ የሚል ሰው የለም።

ያን ዕለት ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ተነሽ፣ ሆስፒታል ልውሰድሽ፣ እኔ እከፍላለሁ አልኋት። እሷ ግን በየማሳው የሚታየውን ጭስ ዞር ብላ አየች። «የእኔን ከፍለው የእነዚያንስ?» አለችኝ። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲሁ ጥያቄ ነው። እኔም በካርድ ክፍል የተማርሁትን ያህል በቦርሳዬ ባለ ውኃ ቁስሉን አጥቤ፣ በንጹሕ ሻሽ አስሬ፣ በማግሥቱ ቅባትና ፋሻ ልልክላት ቃል ገባሁ።

ሽማግሌው ይህ ሁሉ ሲሆን ቆመው ነበር። ስንጨርስ አካፋውን ከእጇ ተቀበሏትና የተደፈነው ቦታ ላይ አፈር ጨመሩበት። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም ተረጎመችልኝ። የመድኑ መመዝገቢያ ሳይዘጋ በየካቲት የማጠቃለያ ስብሰባ አለ፤ እሳቸውም ይጠራሉ፤ «እጄን እንደማወጣ ንገሪያት» ነው ያሉት። አማርኛውን ከእኔ እኩል የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ በቀጥታ ሊነግሩኝ ያልቻሉት አፍረው ነው።

ዕቅዱ የእኔ ነበር፤ ኮራሁበትም። ሦስት ሰው የሚጠይቅ ከሆነ ሦስታችን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ያኔ ምኑን ከምን ይጠቀልሉታል? ሽማግሌው ከቀኝ ረድፍ፣ እኔ ከግራ፣ እሷ ደግሞ ከሴቶች። የመግቢያ ደብዳቤ የለሽም እንዳትባል ምክትሌን ደብዳቤያቸውን ለመንኋቸው። እንቅልፋቸውን ቤታቸው እንዲተኙ ስለፈቀድሁላቸው መረቁኝ። ክምሩን የስብሰባው ዕለት የሽማግሌው ባለቤት ሊጠብቁ ተስማሙ። በልቤ ንግግሬን ስንት ጊዜ እንዳጠናሁት! ባለቤቴ አንድ ሁለት ቀን ከሰማኝ በኋላ ከቤት እየወጣ ጋሪ ነጂዎቹ ዘንድ ማውጋት ጀመረ።

ያ ቀን ደረሰ። የእንጅባራ ብርድ አዳራሹ ውስጥም ገብቶ ሰው ሁሉ በጋቢና በጃኬቱ ተጠቅልሏል። እሷ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ አዲሱን ፋሻዋን በቀሚሷ ሸፍናዋለች። ሪፖርቱ አለቀ፤ ምዝገባው ከዕቅድ በላይ መሄዱ ተነገረ፤ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ሦስት ሦስት ዕድል እሰጣለሁ» ሲል እጄ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወጣ።

አየኝ፤ ዓይኑንም የጋለ ድስት እንደነካ እጅ ከላዬ አነሣ። መጀመሪያ ከቀኝ ለሽማግሌው ሰጠ፤ ሞዴል አርሶ አደር ምን ክፉ ነገር ይናገራል? ከግራ ደግሞ ከእኔ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ወዳለ አንድ የጥሊሊ ነጋዴ ጠቆመ። «አንድ ከሴቶች» ሲል ልቆም ግማሽ ተነሥቼ ነበር። «አይ እርስዎ ባለፈው ጠይቀዋል። ያችኛዋ፣ በበሩ በኩል ያለችው» አለ። ማንነቷን አያውቅም፤ እኔ እንዳልሆንሁ ብቻ ነው ያየው።

ሽማግሌው ተነሡ። ሁልጊዜ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት ያመሰግኑ የነበሩ ሰው ናቸውና ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። «የከሰል ሠራተኞቹ ተጠርተው አልመጡም ተብሏል» አሉ። «ያልመጡት እኔ ስለከለከልኋቸው ነው። ክምሬን ጥለሽ ከሄድሽ እንዳትመለሺ ብያታለሁ። እኔ ከለከልሁ፤ እናንተ ደግሞ መምጣት የማትችልበትን ቀን እየመረጣችሁ ጠራችሁ። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። እሷ ልትመዘገብ ስትመጣ ክምሩን ማን ይጠብቅ?»

ሰብሳቢው ቶሎ ብሎ ወደ በሩ በኩል ጠቆመ። እሷ ተነሣች። መጀመሪያ በአዊኛ ተናገረች። የአዳራሹ ግማሽ ተረድቶ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደኔ ያለው የከተማ ሰው ደግሞ የሚነቀነቀውን ራስ እያየ ጠበቀ። ከዚያ በአማርኛ ደገመችው።

«ሦስት ጊዜ ጠራናት አላችሁ። እኔ የት እንዳለሁ ግን ታውቃላችሁ፤ በመኪና ስታልፉ ጭሴን እያያችሁ ነው የምታልፉት። አሁን እኔ ራሴ መጥቻለሁ። ክምሬ እየከሰለ ነው፤ የሰው እጅ ላይ ነው ያለው። ቶሎ መልሱልኝና ልሂድ።»

ይህን ብላ አልተቀመጠችም። እዚያው በሩን ተደግፋ ቆመች። ሰብሳቢው ሦስተኛውን ጠራ። የጥሊሊው ነጋዴ እኔ የማላውቀው፣ ከማንኛችንም ጋር ያልተነጋገረ ሰው ነው። ተነሣ፤ ወረቀቱን አየ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«የኔ ጥያቄ ስለ መንገድ ነበር» አለ። «ትቼዋለሁ። የእሷ ይመለስ።»

እስከ ዛሬ ያንን ሰው ባገኘው እጁን እስመዋለሁ። ሰብሳቢው «ሌላ ሦስት እጆች» አለ። አዳራሹን በዓይኑ ዞረው። አንድም እጅ የለም። አይ፣ አንድ እጅ አለ፤ የእኔ። ከመጀመሪያ ጀምሮ እንደወጣ ነበር። አሁን እኔኑ በልመና ዓይን ያየኝ ጀመር። እንድናገር ፈለገ! ከጥቂት ደቂቃ በፊት የነፈገኝን ዕድል አሁን «እሺ እርስዎ ይቀጥሉ» ብሎ ሰጠኝ። ያጠናሁት ንግግር ምላሴ ላይ ነው። ጤናም፣ ድህነትም፣ የሠራተኛ መብትም አለበት፤ ቆንጆ ንግግር ነበር። ከተናገርሁ ግን ሁለት ጥያቄ ይሆናል፤ ሁለት ከሆነ ይጠቀለላል። እጄን አወረድሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ከባድ ነገር አንሥቼ አላውቅም፤ ያወረድሁት ግን ባዶ እጄን ነው።

ኃላፊው ብቻውን ቀረ። ተነሣ፤ «አመሰግናለሁ» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ወደ በሩ አየ። ከዚያ በማስታወሻው ሳይሆን በቃሉ ተናገረ። መዝገቡ ሠራተኞቹ ወዳሉበት እንደሚሄድ፣ መዝጋቢዎቹ በየክምሩ እየዞሩ እንደሚመዘግቡ፣ የድሃ ድሃ ዝርዝሩም ለእነሱ እንደገና እንደሚከፈት አስታወቀ። «በቅርብ ጊዜ» ሲል ሽማግሌው ሳይፈቀድላቸው ከፊት ረድፍ ተነሡ። መቼ ነው አሉት። ሰኞ አለ። የትኛው ሰኞ አሉት። «የሚመጣው ሰኞ፣ አባባ» አለ፤ አዳራሹ በሙሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ስጠርግ ነበር። አለቀስሁ፤ አልዋሽም። ደስታ ነው፤ ትንሽም ደግሞ ያለ እኔ መሆኑ ቆጭቶኝ ነው። ዘወር ስል በሩ ጋ ማንም የለም። የሚመጣው ሰኞ የሚለውን እንደሰማች ወደ ክምሯ ሄዳለች።

ሰኞ ሄድሁ፤ ካልሄድሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? መዝጋቢው በሞተር ብስክሌት መጥቶ ከክምሮቹ መሀል ግንድ ላይ ተቀምጧል። ፎቶ የሚያነሣውም አብሮት ነው። ከየክምሩ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ፎቶ የሚነሣው ፊቱን ሲጠርግ ጥላሸቱ ይብስበታል፤ የቀሩት ይስቁበታል። እሷ መጀመሪያ አልሆነችም። ሌሎቹን እየጠራች፣ ስም ያላስያዘውን እያስያዘች፣ ወደ ክምሯ የምትመለከተውን «አንቺ አሁን ሂጂ» እያለች ታሰልፋቸው ነበር። የማሳው መሪ መስላ ነበር። ስሟ የተጻፈው ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው።

ካርዷን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላት። ሽማግሌውም አብረውን መጡ፤ ለምን እንደመጡ አልጠየቅኋቸውም። የሆስፒታሉ ሐኪም ቁስሉን ከፍቶ ብዙ አየው። ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይታ ቢሆን ጣቶቿን ታጣ እንደነበር ነገረን። አሁን ይድናል፤ ግን በየሁለት ቀኑ እየተመላለሰች ይታጠባል፣ ይታሸጋል። እሷ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። በየሁለት ቀኑ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም አሁን አውቃለሁ። አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ። እኔ እቀመጣለሁ አሉ። ሐኪሙ አልገባውም፤ እሷ ግን ገባት።

ተቀመጡም። በዚያ ሰሞን በሚኒባስ ሳልፍ አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ሾፌሩን ቀስ በል እለው ነበር። ተራራው ከሚያልቅበት፣ ማሳው ብቅ ከሚልበት ቦታ ላይ፣ ከጭሱ አጠገብ አካፋ ይዘው፣ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ደርበው ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ለዓመታት ሰው ቀጥረው ያስጠበቁትን ክምር አሁን እንዴት እንደሚጠብቁት እሷ አስተምራቸዋለች፤ ቀዳዳውን በየሰዓቱ እንዲያዩ፣ አፈሩ ሲደርቅ እንዲያረጥቡ። አንድ ቀን ወርጄ ሰላም አልኋቸው። ወገባቸውን ይዘው፣ ይህ ሥራ እንዲህ እንደሚከብድ እንዳላወቁ ነገሩኝ። እኔም እንደ ልማዴ ልመልስላቸው አስቤ ተውሁት።

ፋሻዋ የተፈታላት ዕለት አብሬያት ነበርሁ። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ወደ ማሳው ገባች። ሽማግሌው ሲያዩአት ፊታቸው በራ፤ ተነሡና አካፋውን ዘረጉላት።

«ተፈወስሽልኝ ማለት ነው? እንግዲህ ልሂዳ» አሏት።

እሷም አካፋውን አየችው፤ ክምሩን አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ሐኪሙ እስከ ዓርብ እረፊ ብሎኛል» አለቻቸው። «እስከ ዓርብ ይቆዩልኝ።»

ተመልሰው ተቀመጡ።